አዲስ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ወይስ የቆየ የዴስክቶፕ? ከመክፈላችሁ በፊት

"አዲስ ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ የቆየ ዴስክቶፕ ይሻለኛል?" ይህን ጥያቄ ከስንት ወዳጅ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ብዙዎቹ የሚደውሉልኝ ሻጩ ፊት ቆመው፣ ገንዘቡን ሊከፍሉ ሲሉ ነው። በዚያ ሰዓት ተረጋግቶ ማስረዳት አይቻልም። አንዴ ጠቅልዬ ልጻፈው።

ሁለቱንም በገዛ ገንዘቤ ገዝቼ ስለሠራሁባቸው ሁለት ፕሮሰሰሮች፣ ማለትም የኮምፒውተር አንጎሎች፣ ነው የማወራው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኢንቴል ኮር አይ5-1235ዩ፣ የላፕቶፕ ነው። ሌላው በ2017 መጨረሻ የወጣው ኮር አይ3-8100፣ ሲወጣ 117 ዶላር የተተመነለት ርካሽ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር። ሳልደብቅ ልናገር፤ ሥራችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ወደ 8100 አደላለሁ። ምክንያቴ ፍጥነት አይደለም።

የፍጥነቱን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። 1235ዩ ይፈጥናል፤ ክርክር የለውም። 10 ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚካፈሉ 10 የውስጥ ክፍሎች፣ አለው ሲባል ግን አሥሩ እኩል አይደሉም። ጉልበተኞቹ ሁለት ናቸው፤ ስምንቱ ኃይል ለመቆጠብ የተሠሩ ትንንሾች ናቸው። ደግሞም ለአጭር ጊዜ እስከ 55 ዋት ይስብና፣ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ 15 ዋት አካባቢ ይወርዳል። በቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ ይህ ቶሎ ይመጣል። ፋኑ አቧራ ከጠጣ ደግሞ የባሰ ነው። 8100 አራት ኮር ብቻ ነው፤ 3.6 ጊጋኸርዝ ላይ ይሄዳል፤ ቱርቦ የሚባል፣ ለጊዜው ፍጥነት የመጨመር ነገር የለውም። በመጀመሪያው ደቂቃ የሠራበትን ፍጥነት ከሁለት ሰዓት በኋላም ይዞት ታገኙታላችሁ። ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ ሰንጠረዥ፣ ለኢንተርኔት፣ ለቀላል የፎቶ ሥራ፣ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ፋይል ማስቀመጫ) እና 16 ጊጋ ራም (ጊዜያዊ የሥራ ማስታወሻ) ካለው በቂ ነው። የሚሸነፍበት ቦታ በግልጽ ይታወቃል። ረጅም ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ላይ ይደክማል። ኤቪ1 በሚባለው አዲስ የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት የተቀረጸ ቪዲዮም ላይ ግራፊክሱ (ምስል የሚያወጣው ክፍሉ) አይረዳውም፤ ሸክሙ ሁሉ ኮሮቹ ላይ ይወድቃል። 1235ዩ ያንን በግራፊክሱ ዘና ብሎ ይከፍተዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እኔ ዋጋ የማስበው በመቶ ነው። አዲሱን ላፕቶፕ የገዛሁበት 100 ቢሆን፣ ዴስክቶፑን ያገለገለ ሞኒተር ጨምሬ 45 ነው ያወጣሁበት። ሳጥኑ ብቻውን 28 ነበር። ሞኒተሩ 10፣ ኪቦርድና ማውሱ 2፣ አዲስ ኤስኤስዲ 5። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሳጥኑን ዋጋ ብቻ አይቶ "እንዴት ረከሰ!" ይልና፣ ቤት ሲደርስ ዋይፋይ እንደሌለው ያየዋል። ከቢሮ የወጡ ብዙ ዴስክቶፖች ዋይፋይ የላቸውም። ካሜራም የለም፤ ማይክም የለም፤ መብራት ጥፍት ሲል የሚያቆይ ባትሪም የለም። እነዚህን ሁሉ ደምሩ። ስትደምሩ 65 ወይም 70 ከደረሰ፣ ተዉት፤ ትርፍ የለውም። ከ50 በታች ከቆየ ግን ቀሪው ግማሽ ገንዘብ ኪሳችሁ ነው ያለው። እሱን ቀሪ ግማሽ አትርሱት፤ ወደ ጥገናው ስንመጣ ያስፈልገናል።

ላፕቶፔ ዓመት ተኩል ሳይሞላው የቻርጀሩ ገመድ ተቆረጠ። "ኦሪጅናል ነው" ተብዬ ሌላ ገዛሁ። የላፕቶፑ 100 ከሆነ፣ የቻርጀሩ 2 እንኳን አልሞላም። በእጄ ስይዘው ከድሮው በጣም ይቀልል ነበር። ያንን ክብደት ማመን ነበረብኝ፤ አላመንኩትም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ላፕቶፑ ጭራሽ አልነሳ አለ። ጠጋኙ ከፈተው፣ ለካው፣ ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

"ወንድሜ፣ የኃይል መስመሩ ተቃጥሏል። ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ነገር ያለበት ዋናው ሰሌዳ፣ ካልተቀየረ አይሆንም። ፕሮሰሰሩ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ የዚህኛው ራሙም እንደዚያው ነው። ሁሉም አብሮ ነው የሚቀየረው።"

የቦርዱ ዋጋ ስንት ነው? 55። ከዴስክቶፔ ሙሉ ዋጋ ይበልጣል። ላፕቶፑን ለመለዋወጫ 15 ሸጥኩት። ፕሮሰሰሩ ምንም አልሆነ ይሆናል፤ እኔን ግን አልጠቀመኝም። ፕሮሰሰር ብዙ ጊዜ አይሞትም። የሚሞተው በዙሪያው ያለው ነው፤ በላፕቶፕ ላይ ዙሪያውና ፕሮሰሰሩ አንድ አካል ናቸው።

ዴስክቶፑም ተበላሽቶብኛል። ፓወር ሰፕላዩ፣ ኤሌክትሪኩን ለውስጥ ክፍሎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ነው የሞተው። ከዚያ ከተረፈኝ ግማሽ ላይ 4 አወጣሁ፣ ካቻቪቴ ያዝኩ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀይሬ ጨረስኩ። እዚህም ላይ ግን ፎርጅዱ ብዙ ነው። ላዩ ላይ "500 ዋት" ተጽፎበት ከግማሹ በላይ የማይችል ታገኛላችሁ። ምልክቱ ከቻርጀሩ ጋር አንድ ነው፤ ክብደት። ደህናው በእጅ ሲያዝ ከበድ ይላል፤ ገመዶቹም ወፍራም ናቸው። በፓወር ሰፕላይ ላይ 2 ለማትረፍ ብላችሁ 45ቱን አደጋ ላይ አትጣሉ።

ሌላው ለ8100 የማደላበት ምክንያት ማደጉ ነው። ሲያንሳችሁ ፕሮሰሰሩን ብቻ ነቅላችሁ፣ ማዘርቦርዱ የሚቀበል መሆኑን አይታችሁ፣ ስድስት ኮር ያለውን አይ5-8400 ወይም 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ 12 ሥራ የሚያስኬድበት መስመር) ያለውን አይ7-8700 ትተክላላችሁ። አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ አንድ ወዳጄ ወድቆበታል። 8100 ስምንተኛው ትውልድ ነው፤ ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) 1151 ይባላል። የስድስተኛውና የሰባተኛው ትውልድ ማዘርቦርድም ሶኬቱ 1151 ነው የሚባለው። ፕሮሰሰሩ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። ለ8100 የ300 ተከታታይ ቦርድ ነው የሚያስፈልገው፤ ማለትም ኤች310፣ ቢ360፣ ቢ365፣ ወይም ዜድ370 እና መሰሎቹ። ወዳጄ ኤች110 ይዞ ሦስት ቀን ሙሉ ራም ሲቀያይር ከረመ።

"አይ3 ከሆነ አይቀር ለምን ርካሹን አይ3-7100 አልገዛም?" የሚለኝም አለ። አይሆንም። በመካከላቸው ያለው የአንድ ትውልድ ልዩነት ከባድ ነው። 7100 ሁለት ኮር ብቻ አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥም የለም፤ 8100 ግን አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በዋጋ የሚያተርፉት ትንሽ ነው፤ የሚያጡት ብዙ ነው።

በላፕቶፕ በኩል ያለው የስም ማደናገር ግን ያናድደኛል፤ እውነቴን ነው። "አይ7" የሚል ስቲከር አይተው ዓይናቸው የሚፈዝ ሰዎች አሉ። አይ7-7500ዩ ሁለት ኮር ነው! ከአይ3-8100 ግማሽ ማለት ነው። የኤኤምዲ ኩባንያው ራይዘን 5 7520ዩ ደግሞ በ2022 መጨረሻ የወጣ፣ በስሙ የ7000 ተከታታይ የሆነ ነው፤ ውስጡ ግን በ2019 የመጣው ዜን 2 የሚባለው የኮር ንድፍ ነው፤ ኮሩም አራት ነው። በዚያ ተከታታይ ስም ላይ ሦስተኛውን አሃዝ እዩ፤ 2 ከሆነ ዜን 2፣ 4 ከሆነ ዜን 4 ነው። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም፤ ምናልባት እሱም አያውቀውም።

ስቲከር ብቻ ሳይሆን ዊንዶውስ ላይ የሚታየው የፕሮሰሰር ስምም ሊቀየር ይችላል። ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ መዝገብ) ውስጥ ገብቶ የፈለገውን ስም መጻፍ ለሚያውቅ ሰው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ ማሽኑን አጥፍታችሁ አስነሱና ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ አንብቡ። ያገለገለ ስትገዙ ይህን ሳታዩ አትክፈሉ። ሻጩ "ባዮሱ ፓስወርድ አለው፣ አላውቀውም" ካላችሁ እቃውን መልሱለት።

ታዲያ ላፕቶፕ ለማንም አልመክርም ማለት ነው? እመክራለሁ። ከቦታ ቦታ ለሚንቀሳቀስ ሰው ዴስክቶፕ ምን ያደርግለታል? የላፕቶፕ የኤሌክትሪክ ፍጆታም ከዴስክቶፕ በጣም ያነሰ ነው። ባለፈው ሳምንት የደወለችልኝ እህቴ ተማሪ ናት፤ ማታ ቤተ መጻሕፍት፣ ጠዋት ክፍል፣ ቅዳሜ ሌላ ቦታ። 1235ዩ ያለውን ግዢ አልኳት። ግን አንድ ነገር አጥብቄ ነገርኳት። ራሙ ሙሉ በሙሉ የተበየደ ከሆነ እንዳትገዛ፤ ማስገቢያ ያለውን እንድትፈልግ። ምክንያቱም የዚህ ፕሮሰሰር ግራፊክስ አይሪስ ኤክስኢ ሆኖ በሙሉ አቅሙ የሚሠራው ራሙ በሁለት መስመር ሲሄድ ነው። አንድ ራም ብቻ ከተሰካ ስሙ ራሱ ወደ ዩኤችዲ ይወርዳል፤ ፍጥነቱም አብሮ። 8 ጊጋውን አንድ ራም ይዞ የሚሸጠው ብዙ ነው። ሁለተኛ ማስገቢያ ካለው 4 የማይሞላ ገንዘብ ጨምሮ ማስተካከል ይቻላል። ከሌለው መፍትሔ የለውም።

ሻጩ "አይከፈትም፣ ዋስትናው ይበላሻል" አላት። እሷም ሌላ ዘንድ ሄደች። እዚያ የጀርባውን ክዳን ፈተው አሳዩዋት፤ ባዶውን ማስገቢያ ፎቶ አንስታ ላከችልኝና ነው የከፈለችው።