ስቶፕዋች፣ ፎቶጌት ወይስ ስልክ? ለፔንዱለም ሙከራ ምን ይገዛ

"ለቤተ ሙከራ ትንሽ በጀት ተፈቅዷል። ለፔንዱለሙ ፎቶጌት እንግዛ ወይስ ስቶፕዋች ይበቃል?" የፊዚክስ መምህራን ጓደኞቼ ይህን ደጋግመው ይጠይቁኛል። በየጊዜው በስልክ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ፔንዱለም ክር ላይ ተንጠልጥላ የምትወዛወዝ ኳስ ናት፤ ፎቶጌት ደግሞ በዓይን የማይታይ (ኢንፍራሬድ) ጨረር እየላከ፣ ኳሷ ጨረሩን ስታቋርጥ ጊዜውን የሚይዝ ዕቃ ነው። መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ ስቶፕዋች ግዙ። የሚተርፈውን ገንዘብ ኳሷ፣ ክሩና ስታንዱ ላይ አውሉት። ፎቶጌት መጥፎ ዕቃ አይደለም። ለዚህ ሙከራ ግን ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል።

ሙከራውን ታውቁታላችሁ። የክሩን ርዝመት፣ ቀጥሎ የአንድ ሙሉ ውዝዋዜ ጊዜ መለካት ነው፤ ከሁለቱ ጂ፣ ማለትም የስበት ፍጥንጥነት (9.8 ገደማ)፣ ትወጣለች። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ገንዘቡ እንግባ።

ሻጭ የሚነግራችሁ የፎቶጌቱን ዋጋ ብቻ ነው። ፎቶጌት ግን ብቻውን አይሠራም። የራሱ ቆጣሪ ወይም ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ሳጥን ይፈልጋል። ሳጥኑ የራሱ ኬብል አለው። ኬብሉ ሲጠፋ ሌላ ቦታ የማይገኝ ዓይነት ይሆናል። ሶፍትዌሩ ደግሞ አንዳንዴ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ኮምፒውተሩ ሲቀየር አልሠራም የሚልም አለ። ይህን ሁሉ ደምሩና በቡድን ቁጥር አባዙት። 40 ተማሪ አምስት አምስት ሆኖ ቢከፈል 8 ቡድን ነው። 8 ሙሉ ዕቃ የሚገዛ ትምህርት ቤት ስንት አለ? የሚሆነው ሁሌም አንድ ነው፦ አንድ ይገዛል፣ መምህሩ ፊት ቆሞ ያሳያል፣ ተማሪው ቁጥር ይገለብጣል። በዚያው በአንዱ ዕቃ ዋጋ ለሁሉም ቡድን ስቶፕዋች ይገዛል። መጠባበቂያ ባትሪም ይያዛል፣ ገንዘብም ይተርፋል።

"ፎቶጌት እኮ ሰከንድን ለሺህ ከፍሎ ይለካል" የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ግን ስህተቱ የት እንዳለ እንቁጠረው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም አንዴ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 20 ውዝዋዜ 40 ሰከንድ ነው። ጣታችን 0.2 ሰከንድ ቢሳሳት በጊዜው ላይ 0.5 በመቶ ስህተት ይሆናል። ቀመሩ ውስጥ ጊዜው ስኩዌር ስለሚሆን ጂ ላይ ሲደርስ 1 በመቶ ነው። 50 ውዝዋዜ ቁጠሩ፤ ስህተቱ ወደ 0.4 በመቶ ይወርዳል። ለዚህ የሚከፈል ነገር የለም፣ ትዕግሥት ብቻ።

አሁን ፎቶጌት የማይነካቸውን ስህተቶች እዩ። ርዝመቱ የሚለካው እስከ ኳሷ መሃል ነው። ተማሪው ክሩ ኳሷን እስከሚነካበት ብቻ ለክቶ 1 ሴንቲሜትር ቢያጎድል፣ በአንድ ሜትር ላይ ጂ 1 በመቶ ትሳሳታለች። ኳሷን 15 ዲግሪ ድረስ ስቦ ቢለቅ ጊዜው 0.4 በመቶ ገደማ ይረዝማል፤ ጂ ደግሞ የዚያን እጥፍ ያህል ታንሳለች። በ5 ዲግሪ ግን ስህተቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንድ ሜትር ክር ላይ 5 ዲግሪ ማለት ኳሷን ወደ ጎን 9 ሴንቲሜትር ያህል መሳብ ነው። ውዱ ዕቃ እነዚህን አንዳቸውንም አያስተካክልም። የተሳሳተውን ጂ በብዙ ዴሲማል ይጽፍላችኋል እንጂ።

ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዣን ሪሼር በ1672 (በፈረንጆች) በደቡብ አሜሪካ ወዳለችው ካየን ሲሄድ ፓሪስ ላይ የተስተካከለው የፔንዱለም ሰዓቱ በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀረበት። የስበት ፍጥንጥነት ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ የታወቀው በዚህ ነው። ልዩነቱ ከ0.4 በመቶ ያነሰ ነበር። ሰውየው ኢንፍራሬድ ጨረር አልነበረውም። የነበረው ለረጅም ጊዜ የሚቆጥር ፔንዱለምና በጥንቃቄ የተለካ ርዝመት ነው።

ወደ ፎርጂዶቹ እንምጣ፤ ገንዘብ የሚበላው እዚህ ጋ ነው። አንድ ሻጭ "ከዋናው ምንም ልዩነት የለውም" ብሎ የሸጠልን ፎቶጌት ጂን 39 አድርጎ አወጣት። ኳሷ በአንድ ሙሉ ውዝዋዜ ጨረሩን ሁለት ጊዜ ታቋርጣለች፣ ስትሄድና ስትመለስ። ደህናው ዕቃ የፔንዱለም ሞድ ስላለው መካከለኛውን መቋረጥ ይዘለዋል። ይሄኛው ግን ሞዱ ስሙ ብቻ ነበር የተጻፈበት። ግማሹን ውዝዋዜ እንደ ሙሉ ቆጠረው፤ ጊዜው በግማሽ ሲያንስ ጂ አራት እጥፍ ሆነች። ለሻጩ ብናሳየው "ለሁለት አካፍሉት" አለን! ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው አንድ ሜትር ክር ላይ ቁልፍ አንጠልጥሉና ሞክሩት። 2 ሰከንድ ካለ ደህና ነው። 1 ሰከንድ ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

የፎርጂዶቹ ሌላው ጣጣ ፀሐይ ነው። ተቀባዩ በደንብ ስላልተከለለ መስኮት አጠገብ ሲቆም የፀሐዩን ብርሃን ከራሱ ጨረር አይለይም፣ ቁጥሩ ይዘባርቃል። ጥገናውም ራስ ምታት ነው። ደህናው ዕቃ በብሎን ይከፈታል፤ ኢንፍራሬድ አምፖሉና ተቀባዩ ብየዳ በሚችል ሰው ይቀየራሉ። ፎርጂዱ በማስቲሽ ተሞልቶ ስለሚታሸግ ተሰብሮ ካልሆነ አይከፈትም። በሁለቱም ላይ ቀድሞ የሚሄደው ግን የኬብሉ መሰኪያ ነው። ተማሪ ይጎትተዋል፣ መጎተቱ አይቀርም።

ስቶፕዋችም ፎርጂድ አለው፣ አልሸሽግም። በሽታው ቁልፉ ነው። አንዴ ስትጫኑት ሁለቴ የተጫናችሁ ይመስለዋል፤ ገና ሲጀምር ይቆማል። ሱቅ ውስጥ ሳታፍሩ ደጋግማችሁ ቶሎ ቶሎ አስጀምሩት፣ አቁሙት። አንዴ እንኳ ከዘለለ አትውሰዱት። ጀርባው በብሎን የሚከፈተውን ምረጡ። ቁልፉ ሲደነዝዝ ከፍታችሁ መነካኪያውን በአልኮልና በጥጥ መጥረግ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ባትሪው በየሱቁ የሚገኝ ዓይነት መሆኑን እዩ፤ ስቶፕዋቹ ረክሶ ባትሪው የሚጠፋ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ለረጅም ዕረፍት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባትሪውን አውጡት። አፍስሶ የበላው ሰዓት አይድንም።

ስልክስ? ፋይፎክስ የሚባል ነፃ አፕ አለ፤ ጀርመን አገር የአኸን ዩኒቨርሲቲ ነው የሠራው። ስልኩ ራሱ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፣ ውስጡ ያለው ጃይሮስኮፕ (የመዞር ፍጥነትን የሚለካ ዳሳሽ) ጊዜውን ይለካል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ዋጋውም ዜሮ። ሁሉም ርካሽ ስልክ ግን ጃይሮስኮፕ የለውም። ርዝመቱን እስከ ስልኩ የክብደት መሃል መለካት ደግሞ ከኳስ ይከብዳል። ከዚያ ቋጠሮው ይፈታና ስክሪኑ ይሰነጠቃል። የተማሪ ስልክ ተሰብሮ ወላጅ ሲመጣ "ነፃ ነው" ያላችሁትን ዋጋ ታውቁታላችሁ። የስልኩን ስቶፕዋች ጠረጴዛ ላይ አድርጎ መጠቀም ይቻላል፣ ስቶፕዋች እስኪገዛ ድረስ።

የተረፈው ገንዘብ የት ይግባ ላላችሁ፣ መጀመሪያ ኳስ። ናስ እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ናስ አይደለም። ማግኔት አስጠጉ፤ ከሳበው የተቀባ ብረት ነው። ብረት ለዚህ ሙከራ ምንም አይልም፣ በናስ ዋጋ አትግዙት ለማለት ነው። ውስጡ ባዶ የሆነው ግን አይሆንም፤ አየሩ ቶሎ ያቆመዋል፣ 50 ሳትቆጥሩ ይደክማል። ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። 25 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ድፍን የናስ ኳስ ወደ 70 ግራም ትመዝናለች። 20 ምናምን ግራም ከሆነች አሉሚኒየም ናት ወይም ባዶ ናት።

ክሩ የማይለጠጥ ይሁን። ላስቲክነት ያለው ናይለን ኳሷ ስትንጠለጠልበት ይረዝማል፤ ስለዚህ የትኛውንም ክር ብትጠቀሙ ርዝመቱን ለኩ ኳሷ ከተሰቀለች በኋላ። ላይኛውን ጫፍ ዘንግ ላይ አትጠምጥሙት። ሲወዛወዝ ክሩ ዘንጉ ላይ እየተጠቀለለ ርዝመቱ ይለዋወጣል። ለሁለት የተሰነጠቀ ቡሽ በክላምፕ አጥብቆ ክሩን መሃሉ ማስነከስ ከሁሉ ይሻላል፤ በነፃ ሊገኝ የሚችል ነገር ነው።

ስታንድ ላይ ግን አትቆጥቡ። እግሩ ቀላል የሆነ ስታንድ ከኳሷ ጋር አብሮ ይወዛወዛል፣ ጊዜው ይረዝማል፣ ጂ ታንሳለች። ተማሪው ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል። ከባድ እግር ያለውን ግዙ፤ ያላችሁ ቀላሉ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ በክላምፕ እሰሩት።

የብረት ሜትር ጫፉ ላይ ያለችው መንጠቆ ላላ ብላ የምትንቀሳቀሰው ተበላሽታ አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው። ለእኛ ሥራ ግን ከ10 ሴንቲሜትር ጀምሮ ለክቶ 10 መቀነስ ይሻላል። ጫፉ የተበላ የእንጨት ማስመሪያም እንደዚሁ።

ዕቃው መጥቶ ቁጥሩ ሲዛባ ወዲያው ወደ ሻጩ አትሩጡ። ጂ 10.9 ገደማ ከወጣች ተማሪው ኳሷን ሲለቅ "አንድ" ብሎ ጀምሯል ማለት ነው። 19 ውዝዋዜ ቆጥሮ 20 ብሎ ጻፈ። ሲጀምር "ዜሮ" ይበል። መቁጠሪያውም ኳሷ ዝቅ ብላ በፍጥነት የምታልፍበት መሃሉ ይሁን፣ ከኋላ ወረቀት ላይ መስመር አስምሩበት። 9.78 ከወጣችም ደስ ይበላችሁ። 9.81 የሁሉም ቦታ ቁጥር አይደለም፤ በምድር ወገብ ላይ በባሕር ጠለል 9.78 ናት፣ ዋልታው ላይ 9.83፣ ወደ ላይ በወጣን በየ1000 ሜትሩ ደግሞ 0.003 ያህል ትቀንሳለች።

ፎቶጌት ማን ይግዛ? በነፃ የሚወድቅ ዕቃንና በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ጋሪን የሚለካ ትምህርት ቤት። እዚያ ጊዜው ከአንድ ሰከንድ በታች ስለሆነ ጣት አይደርስበትም፣ ወጪውም ይመለሳል። ያኔም አንድ ደህና ዕቃ ከሁለት መጠባበቂያ ኬብል ጋር ግዙ፤ ኬብሉን ለብቻው በኋላ ፈልጎ ማግኘት አይታሰብም።