የፕሪንተር የተጠቃሚ ኮድ፦ በዊንዶውስ፣ በማክ እና በሊኑክስ ስሞክረው ያየሁት

ብዙ ሰው የሚጋራው ትልቅ ፕሪንተር ያለበት ቦታ ከሠራችሁ ይሄ ነገር አይጠፋችሁም። ፋይሉን ትልካላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ታትሟል ይላል፣ ተነስታችሁ ትሄዳላችሁ፣ ወረቀት የለም። ድጋሚ ትልካላችሁ። አሁንም የለም። ፕሪንተሩ አልተበላሸም፣ ኔትወርኩም ደህና ነው። ከፋይሉ ጋር ኮድ ስላልመጣለት ተቀብሎ ጥሎታል፣ በቃ።

የተጠቃሚ ኮድ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ክፍል የሚሰጥ ቁጥር ነው። ማን ስንት ገጽ እንዳተመ ይቆጠርበታል፣ ከለር የሚፈቀድለትና የማይፈቀድለት ይለይበታል። ስሙ እንደ አምራቹ ይለያያል። ሪኮ «ዩዘር ኮድ» ይለዋል፣ ካኖን «ዲፓርትመንት አይዲ»፣ ኮኒካ ሚኖልታ ደግሞ «አካውንት ትራክ»። ሥራቸው ግን ተቀራራቢ ነው። እኔ ይሄን ነገር በሦስቱም ሲስተም ላይ ሳስተካክል ከርሜያለሁ፣ እና የትኛው ላይ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ላይ ደስ እንደሚል ልንገራችሁ።

ከፕሪንተሩ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ ጋ ያለው ክፍል በጣም ጥሩ ነው። የፕሪንተሩን አይፒ አድራሻ ብራውዘር ላይ ትጽፋላችሁ፣ በአድሚን ትገባላችሁ፣ ስምና ኮድ ትመዘግባላችሁ። ሰው ሲበዛ ዝርዝሩን በፋይል አውጥቶ ኤክሴል ላይ ሞልቶ መመለስ ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በዜሮ የሚጀምር ኮድ አትስጡ። ኤክሴል ፋይሉን ሲከፍት ፊት ያለውን ዜሮ ይበላዋል፣ 0457 የነበረው 457 ሆኖ ይመለሳል፣ ባለቤቱም ትላንት ሲሠራለት የነበረው ኮድ ዛሬ እምቢ ይለዋል። ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

አሁን ዊንዶውስ። ኮዱ የሚገባው ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ውስጥ ነው፣ ግን ከዚያ በፊት ፕሪንተሩ ኮድ እንደሚጠይቅ ለድራይቨሩ መንገር ያስፈልጋል። በብዙዎቹ ላይ ይሄ ያለው ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ ውስጥ ነው፣ ተጨማሪ ትሪና ስቴፕለር የሚመዘገብበት ታብ አካባቢ። እሱ ካልበራ የኮዱ ሳጥን ደብዝዞ ይቀመጣል፣ ወይም ጭራሽ አይታይም። ለማብራት ደግሞ የአድሚን መብት ይፈልጋል።

ዋናው ግራ የሚያጋባው ነገር ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ኮዱን ማስገቢያ ቦታው አንድ አይደለም። «ፕሪንቲንግ ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ካስገባችሁት የሚሠራው በገባችሁበት አካውንት ብቻ ነው። አድቫንስድ የሚለው ታብ ውስጥ ያለው «ፕሪንቲንግ ዲፎልትስ» ግን በዚያ ኮምፒውተር ላይ ቅንብሩን ገና ላልነኩ ሰዎች ሁሉ መነሻ ይሆናል። ሦስተኛም አለ፦ ዎርድ ውስጥ ሆናችሁ ልታትሙ ስትሉ በምትከፍቱት መስኮት ካስገባችሁት፣ ዎርድን ስትዘጉት አብሮ ይጠፋል። ሦስቱም መስኮቶች አንድ ዓይነት መልክ ነው ያላቸው። እኔ የአንዲት ባልደረባዬን ኮምፒውተር በአድሚን አካውንት ገብቼ አስተካከልኩት፣ የሙከራ ገጹ ወጣ፣ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። እሷ በራሷ አካውንት ስትገባ ምንም የለም። ሌላ ጊዜ ደግሞ የአንድ ሰው ኮድ በጋራ ሰርቨሩ ላይ ዲፎልትስ ውስጥ ገብቶ ኖሮ፣ በወሩ መጨረሻ የሁላችንም ገጽ እሱ ላይ ተቆጥሮ አገኘነው። ልጁ ምንም ሳያጠፋ ለምን ይሄን ያህል አተምክ ተብሎ ተጠየቀ። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት።

ሌላው የዊንዶውስ ጉዳይ፣ ፕሪንተሩን በራሱ ፈልጎ ሲያስገባው ነው። ያኔ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው የአምራቹን ድራይቨር ሳይሆን አይፒፒ የሚባለውን፣ ለተለያዩ አምራቾች ፕሪንተር የሚያገለግል የጋራ ድራይቨር ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ የአምራቹን የኮድ ሳጥን አታገኙትም። ማይክሮሶፍት በ2023 የአምራቾችን ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት ማደሉን ቀስ በቀስ እንደሚያቆም አስታውቋል፣ ስለዚህ ይሄ ነገር እየበዛ ነው የሚሄደው። መፍትሔው የአምራቹን ድራይቨር ከራሱ ድረ ገጽ አውርዶ በእጅ መጫን ነው።

ማክ ላይ እንኳን ደስ ብሎኛል። አንድ ወጥመድ ብቻ ነው ያለው፦ ፕሪንተሩን ስትጨምሩ ከታች ያለው ምርጫ ኤርፕሪንትን፣ ማለትም ያለ አምራቹ ድራይቨር የሚያትመውን የአፕል መንገድ፣ ቀድሞ ይመርጥላችኋል። ሁሉም ነገር የሠራ ይመስላል፣ ግን ኮድ የሚገባበት ቦታ የለም። የአምራቹን ድራይቨር ቀድማችሁ ጫኑና ከዚያው ዝርዝር ውስጥ እሱን ምረጡ። ከዚያ ልታትሙ ስትሉ በሚመጣው መስኮት ላይ የአምራቹን ክፍል ታገኛላችሁ፣ ሪኮ ላይ ለምሳሌ «ጆብ ሎግ» በሚለው ስር ነው። ኮዱን አስገብታችሁ ቅንብሩን በስም አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ያንን ስም መምረጥ ነው። ሁለት ኮድ ያላት የሥራ ባልደረባ አለችን፣ አንዱ የክፍሏ፣ አንዱ የፕሮጀክት፣ እሷ ሁለት ስም ሰጥታ አስቀምጣ ሳትሳሳት እየቀያየረች ታትማለች።

ሊኑክስን የፈራሁትን ያህል አላስቸገረኝም። ከስር የሚሠራው ካፕስ የሚባል የማተሚያ ሲስተም ነው፣ ማክም የሚጠቀመው እሱኑ ነው። ሁሉ ነገር ፒፒዲ በሚባለው፣ የፕሪንተሩን ምርጫዎች በሚዘረዝረው ፋይል ላይ የተንጠለጠለ ነው። አምራቹ ለዚያ ሞዴል ያዘጋጀው ፒፒዲ የኮድ ምርጫ ካለው ወይ በብራውዘር በ631 ፖርት ወደ ካፕስ ገጽ ገብታችሁ፣ ወይ በትዕዛዝ መስመር ታስገቡታላችሁ። «ጄነሪክ» የሚለውን፣ ለአንድ ሞዴል ያልተዘጋጀውን ከመረጣችሁ ግን ኮዱ ስለማይሄድ ወረቀቱ አይወጣም። በጣም የወደድኩት የሰውና የማሽን ቅንብር በግልጽ መለየቱን ነው። ኤልፒአድሚን በሚለው ትዕዛዝ ያስገባችሁት ለማሽኑ ተጠቃሚ ሁሉ ይሆናል፣ ኤልፒኦፕሽንስ በሚለው አንድ ሰው በራሱ አካውንት ያስገባው ግን በራሱ ፎልደር ውስጥ ለእሱ ብቻ ይቀመጣል። ዊንዶውስ ላይ ያደከመኝ ነገር እዚህ በሁለት መስመር አለቀ።

እንዲያውም ኮዱ በትክክል መሄዱን ያረጋገጥኩት በዚሁ ኮምፒውተር ነው። ወደ ፕሪንተሩ የሚሄደውን ዳታ ፋይል ላይ አስቀምጬ በጽሑፍ ማረሚያ ከፈትኩት። ከሰነዱ በፊት ፒጄኤል የሚባሉ ጥቂት የትዕዛዝ መስመሮች አሉ፣ ኮዴ እዚያ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ስለዚህ ይሄ ኮድ የመቁጠሪያ ነገር እንጂ ሚስጥር መጠበቂያ አይደለም። የባንክ ካርዳችሁን ወይም የስልካችሁን የሚስጥር ቁጥር ኮድ አታድርጉት፣ እባካችሁ። ሚስጥራዊ ሰነድ ካላችሁ ሌላ ነገር ነው የሚያስፈልጋችሁ፦ ፕሪንተሩ ጋ ቆማችሁ ፒን እስክትነኩ ድረስ ሥራውን ይዞ የሚቆየው። ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል፣ ፒኑን የኮዱ ቦታ ላይ እየጻፈ።

ስልክ ላይ የሞከርኩት አልተሳካልኝም፣ ሰው ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሩ ልኮ እንዲያትም ነው የማደርገው።

ወረቀት አልወጣም ብሎ ሰው ሲጠራችሁ መጀመሪያ የፕሪንተሩን የሥራ ታሪክ ክፈቱ። የተጣለው ሥራ እዚያ ከነሰዓቱ ይታያል። ሥራው እዚያ ከሌለ ችግሩ ኔትወርክ ነው፣ ካለና ስህተት ከተባለ ኮዱ ነው ብላችሁ ጀምሩ።

ነጥብ ስጥ ብትሉኝ ለማክ አራት፣ ለሊኑክስ አራት፣ ለዊንዶውስ ሦስት ከአምስት። ለፕሪንተሩ ሦስት ተኩል። ቆጠራው ትክክል ነው፣ የከለር ገደቡም ይሠራል። ሥራውን ሲጥለው ግን ለላከው ሰው ኮምፒውተሩ ላይ አንድ መስመር መልእክት ቢልክ ኖሮ አምስቱንም እሰጠው ነበር።