ለአሮጌ ስልክ «ድራይቨር» ከመክፈላችሁ በፊት

ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ያላችሁና ከአሮጌ ስልክ ላይ ቁጥር ወይም ፎቶ ማውጣት የምትፈልጉ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። በአንዳንድ ሞባይል ቤቶች «የድሮ ስልክ ድራይቨር» እየተባለ በፍላሽ የሚሸጠው ነገር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ስልኩን እንዲያውቀው የሚያደርገው ትንሽ ፕሮግራም፣ ከአምራቹ በነጻ ሲሰጥ የኖረ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም። ኪሳራው ብሩ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። የሚያሳስበኝ ከፍላሹ ጋር ኮምፒውተራችሁ ውስጥ የሚገባው ነው።

በዕድራችን ጸሐፊ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የአባላቱ መዝገብ፣ የወር መዋጮውና ለለቅሶ የወጣው ወጪ ሁሉ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት አንድ ዴስክቶፕ ላይ ነው ያለው። ለደኅንነቱ ሲባል ኢንተርኔት አልገባለትም። የአባላቱ ስልክ ቁጥር ግን ያለው በእሳቸው ኖኪያ 2700 ክላሲክ ውስጥ ነው። ስልኩን በገመድ ሲሰኩት ኮምፒውተሩ ድራይቨር አጣሁ አላቸው። ሞባይል ቤት ሄደው ሲጠይቁ፣ «ይሄ ድራይቨር ከገበያ ጠፍቷል፣ እኛ ጋ ብቻ ነው ያለው» ተባሉና 600 ብር ከፍለው አንድ ፍላሽ ይዘው ተመለሱ። ደረሰኝ አልተሰጣቸውም።

ፍላሹን እኔ ነኝ ከፍቼ ያየሁት። «ኖኪያ ድራይቨር» የሚል ስም የተሰጠው ፋይል ሁለት ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ሲከፈት ዋናውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት ለማውረድ የሚሞክር መጫኛ ነው፤ ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተር ምንም አይሠራም። አጠገቡ የተቀመጠው «ድራይቨር አፕዴተር» ደግሞ ኮምፒውተሩን የፈተሸ መስሎ በቀይ ማስጠንቀቂያ ያስደነግጥና ለማስተካከል ክፍያ ይጠይቃል። ከሁሉ የከፋው ግን ፍላሹ ላይ ተደብቆ የመጣው ሾርትከት ቫይረስ ነው። በማግሥቱ የዕድሩ ፎልደሮች በሙሉ ጥቂት ኪሎባይት ወደሚመዝኑ ሾርትከቶች (ወደ ሌላ ፋይል የሚያደርሱ አቋራጭ ምልክቶች) ተለውጠው ተገኙ።

ጸሐፊያችን ደንግጠው ኮምፒውተሩን እዚያው ቤት ወሰዱት። የተሰጣቸው መልስ «ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ዳታ ሪከቨሪ 3,000 ብር» የሚል ነበር። በጣም ያናደደኝ እዚህ ላይ ነው። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ሃርድ ዲስኩም ጤነኛ ነበር። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ ፎልደሩን ይደብቀውና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትነኩት መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሣል፣ ከዚያ እውነተኛው ፎልደር ይከፈታል፤ ስለዚህ ሰው ቶሎ አይጠረጥርም። ፎልደር ኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ስታደርጉ፣ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ ከሚለው ላይም ምልክቱን ስታነሡ ሁሉም ተመልሶ ይታያል። የዕድሩ መዝገብ በዚህ መንገድ ሙሉ በሙሉ ተገኝቷል፤ ቫይረሱንም በኋላ አጽድተነዋል። እንዲህ ከደረሰባችሁ ፎርማት እንዳታስደርጉ። ለሪከቨሪም እንዳትከፍሉ።

ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ከቫይረስ የተጠበቀ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ከአንዱ በር ይጠበቃል እንጂ ፍላሽ ሌላው በር ነው። አንቲቫይረሱ አይታደስም፣ ለዊንዶውስ 7 ራሱ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 ነው። በዚህ ላይ አንዳንዶቹ ጫኞች ድራይቨሩ እምቢ ሲላቸው የዊንዶውስን የፊርማ ቁጥጥር፣ ማለትም ድራይቨሩ ከማን እንደመጣ የሚያረጋግጠውን፣ አጥፍተውት ይሄዳሉ። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ዲጂታል ፊርማ የሌለውን ድራይቨር አልቀበልም የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮምፒውተራችሁ ከጥገና ሲመለስ በስክሪኑ ቀኝ ታችኛ ጥግ «ቴስት ሞድ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ያ ቁጥጥር ጠፍቷል ማለት ነው፤ መልሰው እንዲያበሩት አስገድዷቸው።

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ። ከምንም በፊት ገመዱን ቀይሩ። የዩኤስቢ ገመድ አራት ሽቦ አለው፤ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለዳታ። ከፓወር ባንክ ጋር የሚመጡ ብዙ ርካሽ ገመዶች የኃይሉን ብቻ ነው የሚይዙት። እንዲህ ባለ ገመድ ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም፤ የዓለምን ድራይቨር ብትጭኑ ለውጥ የለውም።

ገመዱ ደኅና ከሆነ፣ ስትሰኩት ስልኩ ራሱ በምን መልክ ልገናኝ ብሎ ይጠይቃል። «ፒሲ ስዊት» (ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው የኖኪያ ፕሮግራም) የሚለውን ከመረጣችሁ ድራይቨር ይፈልጋል። «ማስ ስቶሬጅ» ወይም «ዳታ ስቶሬጅ» የሚለውን ስትመርጡ ግን ሚሞሪ ካርዱ ልክ እንደ ፍላሽ ይከፈታል፤ ለዚህ የሚሆነው ድራይቨር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። የጸሐፊያችን ችግር በሙሉ ይህችን አንዲት ምርጫ የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ነበር። ቁጥሮቹን ለማውጣት በስልኩ ሴቲንግስ ውስጥ «ሲንክ ኤንድ ባክአፕ» በሚለው በኩል ባክአፕ ሠራን፤ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ተቀመጠ። ያንን ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ቅጥያውን (በፋይሉ ስም መጨረሻ ከነጥቡ በኋላ ያለውን) ወደ ዚፕ ስትቀይሩት ይከፈታል፣ በውስጡም የእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ለየብቻ አለ። ገመድ ከሌላችሁ ካርዱን አውጥታችሁ በካርድ ሪደር ማንበብ ይቻላል።

ድራይቨር የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ለምሳሌ ስልኩን «ፍላሽ» ለማስደረግ (የስልኩን ሶፍትዌር እንደ አዲስ ለማስጫን)፣ ወይም ፒሲ ስዊትን ራሱን ለመጠቀም። ያኔ የተሰኩ ዕቃዎች ዝርዝር በሚታይበት የዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የስልኩን የሃርድዌር መለያ ተመልከቱና ጻፉት። በመለያው ውስጥ 0421 ካለ የኖኪያ ነው፣ 1782 ካለ ስፕሬድትረም የሚባለው አምራች ቺፕ ነው። ዊንዶውሱ 32 ይሁን 64 ቢትም አብራችሁ ጻፉ። ከዚያ ኢንተርኔት ባለበት በምታምኑት ኮምፒውተር ላይ ሙሉውን መጫኛ አውርዱ። መጠኑ በጣም ትንሽ ከሆነ ያ የማውረጃ ፕሮግራም ነው፣ ተዉት። የኖኪያ ስልክ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ማይክሮሶፍት ስለተዛወረ የድሮዎቹ ፕሮግራሞች ዛሬ በየቦታው ተበትነው ነው የሚገኙት። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ፋይሉን በቀኝ ማውዝ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲጂታል ፊርማውን እዩ። የኖኪያ ነው የተባለው የኖኪያ ፊርማ ከሌለው አትክፈቱት። ለዊንዶውስ 7 አዲስ ድራይቨር ስትጭኑ ኮድ 52 የሚል ስሕተት ከመጣ ብዙ ጊዜ የጎደለው አዲሱን የፊርማ ዓይነት እንዲያውቅ የሚያደርገው የማይክሮሶፍት ማሻሻያ ነው። እሱም በነጻ ወርዶ በፍላሽ ይወሰዳል እንጂ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም።

ለጉልበታቸው የሚያስከፍሉ ሐቀኛ ባለሙያዎች አሉ፤ ይገባቸዋልም። የምቃወመው በነጻ የተሰጠውን ፋይል «ጠፍቷል» ብሎ መሸጥንና ራስ ያመጣውን ቫይረስ «ሪከቨሪ» ብሎ እንደገና ማስከፈልን ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ፋይሉን እዚያው ከፍተው ስልካችሁን አገናኝተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ደረሰኝም አትርሱ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል፣ አቤቱታ ለማቅረብም መነሻችሁ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ፍላሽ ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ ለጎረቤት አታውሱት፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይም አትሰኩት፤ አንቲቫይረሱ በታደሰ ኮምፒውተር ላይ አስፈትሻችሁ ፎርማት አስደርጉት።