የዛገውን ታንከራችንን ቀብቼ 9 ወር ሞላኝ

ግቢያችን ያለው የብረት ታንከር 3000 ሊትር ይይዛል። አባቴ ነው ያሠራው። ከቧንቧው ቡናማ ውሃ መውረድ ሲጀምር ያየ ሁሉ «ጣለውና ሮቶ ግዛ» አለኝ። እኔ ግን በመዶሻ እየመታሁ አየሁት። ላሜራው አሁንም ወፍራም ነው፤ የተሸነቆረው ከታች ሁለት ቦታ ብቻ ነበር። በያጅ ጠርቼ የበሰበሰውን አስቆርጬ በአዲስ ላሜራ አስደፈንኩት።

ለውስጡ የገዛሁት ኢፖክሲ ነው፤ ቀለሙና ማጠንከሪያው በሁለት ጣሳ ለየብቻ የሚመጣው። ጣሳው ላይ ለመጠጥ ውሃ እንደሚሆን የተጻፈበትን ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ተራ አንቲረስት ለምንጠጣው ውሃ አይሆንም፤ እባካችሁ እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ለውጩ ግን አንቲረስትና ዘይት ቀለም ይበቃል። ኢፖክሲ ፀሐይ ሲመታው ላዩ እንደ ዱቄት ይሆናል።

ትልቁ ሥራ ፍቂያው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በግራይንደርና በሽቦ ብሩሽ ታገልኩ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ማስክ አልተለየኝም። ብረቱ እንደ መስታወት ሲያበራ ደስ ይላል፤ ቀለም ግን ልስልስ ብረት አይወድም። በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ደግሜ አሻከርኩት። የብየዳውን መስመር ቀድሜ በብሩሽ፣ ከዚያ ሁሉንም በሮለር ሁለት እጅ ቀባሁ። ኢፖክሲ ከተደባለቀ በኋላ ባልዲው ውስጥ ቶሎ ስለሚጠጥር ትንሽ ትንሽ በጥብጡ። ብቻችሁን ደግሞ እንዳትገቡ። ሽታው ራስን ያስታል። ወንድሜ ከታንከሩ አፍ ሳይነቃነቅ፣ ፋን ከፍቶ፣ በየ10 ደቂቃው ያስወጣኝ ነበር። ከዚያ 7 ቀን ባዶውን ቆይቶ፣ ታጥቦ፣ ተሞላ።

ይህ የሆነው ጥር ላይ ነው። ክረምቱ አልፎ አሁን ጥቅምት ነው። ወለሉና ግድግዳው ንጹህ ነው፤ የተደፈነው ቦታ አላንጠባጠበም፤ ውሃው ቀለምም ሽታም የለውም። በዚህ በጣም ረክቻለሁ። የውጩ ቀለም ፀሐይ በሚያገኘው ጎን ትንሽ ደብዝዟል፣ ዝገት ግን የለም።

ያዘንኩበት አንድ ቦታ አለ። ሐምሌ ላይ በክዳኑ ውስጠኛ ጎን፣ በአፉ ዙሪያ፣ ሳንቲም የሚያህሉ እብጠቶች ወጡ። ስፍቃቸው ከሥር ዝገት አለ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ያንን ክፍል የቀባሁት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ብረቱ የሌሊቱን ጤዛ ገና አልጨረሰም ነበር፣ እኔ ቸኩያለሁ። እዚያ ጋ ደግሞ ከውሃው የሚነሳው እንፋሎት ሁልጊዜ ያርፋል።

አዲስ ቀለም ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ኅዳር ላይ ውሃውን ዝቅ አድርጌ ያቺን ብቻ እፍቃለሁ። ብሩሽ የማነሳው ግን ከ5 ሰዓት በኋላ፣ ብረቱ በእጄ ሲዳሰስ ሞቅ ሲል ነው።