ተመልሶ የመጣ ሲሪየስ ፊልም ደሴ ላይ ማስጫን

ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ አራዳ፣ መናኸሪያ አካባቢም ጭምር፣ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ፊልም የሚጭኑ ቤቶች በሥራቸው ጎበዞች ናቸው። አዲስ የወጣ አያመልጣቸውም፣ የድሮውንም ቢሆን ከሃርድ ዲስካቸው ፈልገው ያወጣሉ። የሞባይል ፓኬጅ ገዝቶ 20 እና 30 ጊጋ ከማውረድ እነሱ ጋ መሄድ በጣም ይረክሳል። የሚደናቀፉት ካለቀ ከዓመታት በኋላ እንደገና የተጀመረ ሲሪየስ ሲጠየቁ ነው። ወይ አዲሱን ሲዝን ብቻውን ይሰጣሉ፣ ወይ ከአሮጌው ጋር ሲያያይዙት መሃሉን ይዘሉታል።

ፕሪዝን ብሬክን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀምሮ በ2009 አለቀ፣ 9 ክፍል ያለው አምስተኛው ሲዝን የመጣው በ2017 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲዝኖች 22፣ 22 ክፍል ናቸው፣ ሦስተኛው 13። ችግሩ ያለው አራተኛው ላይ ነው። 22 ክፍል ካለቀ በኋላ «ዘ ፋይናል ብሬክ» የሚባል ማሳረጊያ አለው፤ እሱ እንደ ሁለት ክፍል ሲቆጠር 24 ይሆናል። ማሳረጊያው ለብቻው እንደ ፊልም ስለወጣ ፎልደሩ ውስጥ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። 22ኛው ክፍል የዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ የማይክልን መቃብር አሳይቶ ያበቃል፤ እዚያ እንዴት እንደደረሰ የሚያሳየው ማሳረጊያው ነው። አምስተኛው ሲዝን የሚነሳው ከዚሁ ሞት ነው፣ ሞተ የተባለው ሰው የመን፣ ሰንዓ እስር ቤት ውስጥ ይገኛል። ማሳረጊያውን ሳያዩ ወደዚያ መዝለል የታሪኩን ግማሽ ጉልበት ይገድለዋል። ስለዚህ ሙሉው 90 ክፍል ነው፣ ማሳረጊያው በአንድ ፋይል ከሆነ 89። 88 ፋይል ከሰጧችሁ አትክፈሉ፣ «ፋይናል ብሬክስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲፈለግ እዚያው ፊልሞቹ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

«24» የሚባለው ሲሪየስም ተመሳሳይ ነው። ስምንት ሲዝን፣ እያንዳንዱ 24 ክፍል፣ ከዚያ በ2014 ለንደን ላይ የተሠራው «ሊቭ አናዘር ዴይ»፣ 12 ክፍል። በስድስተኛውና በሰባተኛው መሃል «ሪደምፕሽን» የሚል የ2008 ፊልም አለ፣ እሱም ይዘለላል። ዴክስተር ደግሞ በ2013 አልቆ በ2021 ሲመለስ ስሙ «ኒው ብለድ» ሆነ፣ 10 ክፍል። «ዴክስተር ሲዝን ዘጠኝ አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «የለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል፣ ፋይሉ ግን ሌላ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል።

ክፍያው ላይ ዓይን ያስፈልጋል። ተመልሰው የሚመጡት ሲዝኖች አጫጭር ናቸው፣ 9፣ 12፣ 10። በሲዝን የሚያስከፍል ቤት ለዘጠኙም ለ24ቱም እኩል ይጠይቃል፣ አዲሱን ብቻ ለሚያስጭን ሰው በጊጋ መክፈል ይሻላል። ሙሉውን ለሚፈልግ ግን በሲዝን ያዋጣል።

የፍላሹን መጠን የሚወስነው ጥራቱ ነው። አንዱ የፕሪዝን ብሬክ ክፍል 43 ደቂቃ ገደማ ነው። 200 ሜጋ ሆኖ የተጨመቀው በ90 ሲባዛ ወደ 18 ጊጋ ይመጣል፣ 32 ፍላሽ ላይ ተመችቶት ይገባል። 350 ሜጋ የሆነው ከ30 ጊጋ ይበልጣል፤ 32 የሚል ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ግን 30 እንኳ አይሞላም። ለሱ 64 ግዙ። ከ32 በላይ የሆነ ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ኤክስፋት በሚባል ፎርማት ነው፣ አሮጌ ሪሲቨርና ቲቪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤክስፋት አያነብም። ከመጫኑ በፊት ወደ ፋት 32 ፎርማት ያድርጉላችሁ። ፋት 32 ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ለሲሪየስ ግን ይህ ችግር አይሆንም።

ከሁሉ የሚያበሳጨው ድምፁ ተሰምቶ ምስሉ ጥቁር ሲሆን ነው። ፍላሹ አልተበላሸም፤ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ኤክስ 265 በሚባለው አዲስ የቪዲዮ አጨማመቅ የተሠራ ሆኖ ቲቪው የሚያውቀው የቀድሞውን ኤች 264 ብቻ ስለሆነ ነው። መጠኑ ትንሽ፣ ጥራቱ ጥሩ ስለሆነ ቤቶቹ ኤክስ 265ን ይወዱታል፣ ለስልክና ለአዲስ ስማርት ቲቪም ጥሩ ነው። ቤት ያለው አሮጌ ከሆነ «264 ይሁንልኝ» በሉ። ምስሉ ኖሮ ድምፁ ከጠፋ ደግሞ ድምፁ ቲቪው የማያውቀው ዲቲኤስ የሚባል ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ድምፁ ኤኤሲ የሚባለው ዓይነት የሆነ ቅጂ ጠይቁ።

ሰብታይትሉ፣ ከሥር የሚነበበው ጽሑፍ፣ የተሠራው ለሌላ ቅጂ ከሆነ መጀመሪያ ልክ ይመስልና እየቆየ ይዛነፋል። ቪዲዮው በሰከንድ 24 ገደማ ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ጽሑፉ ለ25 የተሠራ ሲሆን፣ የ43 ደቂቃ ክፍል መጨረሻ ላይ ልዩነቱ ወደ ሁለት ደቂቃ ይጠጋል። መጀመሪያውን ብቻ አይቶ «ይሠራል» ማለት ስለዚህ ዋጋ የለውም። የጽሑፉ ፋይል ስምም ከቪዲዮው ስም ጋር አንድ መሆን አለበት፣ አለዚያ ቲቪው አያገኘውም። ስሞቹ በ1፣ 2፣ 3 ከተጻፉ አንዳንድ ሪሲቨር ከ1 ቀጥሎ 10ን ያጫውታል፤ 01፣ 02 መሆን አለባቸው።

ፍላሹ በሰከንድ 8 ሜጋ የሚጽፍ ከሆነ 18 ጊጋ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ሲጻፍ የነበረው ክፍል ይቆረጣል፣ ስሙ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ይቀራል። በርካሽ የተገዛ «128 ጊጋ» ፍላሽም እንዲሁ ሁሉንም የተቀበለ ይመስላል፣ ውስጡ 8 ጊጋ ሆኖ የኋለኛው ክፍል ባዶ ይወጣል።

የአማርኛ ድራማ ከሆነ እነዚህ ቤቶች ጋ አትሂዱ። ሠሪዎቹ በራሳቸው ዩቲዩብ የሚለቁትን እዚያው ማየት ይገባል፤ ከተመልካች የሚያገኙት ገቢ ነው ቀጣዩን ክፍል የሚያሠራው፣ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996ም ያለፈቃድ ማባዛትን ይከለክላል።

ከቤቶቹ የሚመረጠው ባንኮኒው ላይ ቲቪ ከሪሲቨር ጋር ያስቀመጠው ነው። ሳትወጡ የመጀመሪያውን ክፍል፣ ፕሪዝን ብሬክ ከሆነ የአራተኛውን ሲዝን 23ኛ ክፍል፣ መጨረሻ የተጻፈውንም ፋይል አስከፍታችሁ ወደ 40ኛው ደቂቃ አስዘልሉ።