«ተሳፋሪው አልተገኘም»፦ ከከተማ ወደ ከተማ ኮንትራት መኪና በኢንተርኔት ለምትይዙ

እናቴ ሻንጣ ላይ ተቀምጣለች። እህቴ ትንሹን ልጇን ታቅፋ ትልቁን በእጇ ይዛለች። እኔ የሆቴሉ በር ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ኢሜይል ገባልኝ፦ «ተሳፋሪው በቀጠሮው ቦታ አልተገኘም። ጉዞው ተዘግቷል። ክፍያው አይመለስም።» ቀጠሮው ለአሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። እኔ ከዚያ 10 ደቂቃ ቀድሜ ወርጄ ያን በር ለአፍታ እንኳ አልለቀቅኩም።

በጉዞ ላይ ሆናችሁ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ የሚያደርሳችሁ የግል መኪና በድረ ገጽ ለመያዝ ካሰባችሁ ይህን ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡልኝ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ። እኛ ላይ የደረሰው የአንድ ሾፌር ክፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። አሠራሩ ራሱ እንዲህ ዓይነቱን ነገር እንዲያመጣ ሆኖ ስለተሠራ ነው የምጽፈው።

የያዝነው ሰባት ሰው የሚጭን ሰፊ ሚኒቫን ነበር። የእናቴ ጉልበት ስለሚያማት እግሯን የምትዘረጋበት ቦታ ትፈልጋለች። የሕፃን መቀመጫም ጠይቄ «ተካቷል» የሚል ማረጋገጫ ደርሶኛል። ገጹ ላይ ያለው ዋጋ ከሌሎቹ በሩብ ያህል ያንስ ነበር። መጠራጠር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው፤ እኔ ግን ደስ አለኝና ሙሉውን በካርድ ቀድሜ ከፈልኩ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ማለት ነው።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ የሾፌሩን ስም፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የድርጅቱን ስም ሁለት ጊዜ ጠይቄ «ከጉዞው በፊት ይላክልዎታል» ከሚል መልስ ሌላ አላገኘሁም። በመጨረሻ የመጣው በዋዜማው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ በዋትስአፕ ነው። ላኪው ድረ ገጹ አይደለም፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። ሰላምታ እንኳ ሳይቀድም፣ የመንገድ ቀረጥና «የመመለሻ ነዳጅ» በዋጋው ስላልተካተተ እጅ በእጅ ይዤ እንድመጣ ያዛል። ያስያዝኩበትን ማረጋገጫ ከፍቼ ሳይ «ሁሉም ነገር ተካቷል» ይላል። ስክሪንሾት አድርጌ መልሼ ላክሁለት። መልስ የለም።

ጠዋት 40 ደቂቃ ዘግይቶ የመጣው ትንሽ አውቶሞቢል ነው። የሕፃን መቀመጫ የለውም። ታርጋው ማታ ከተላከልኝ የተለየ ነው። አምስት ሰውና አራት ሻንጣ እንደማይገባበት ሾፌሩም ያውቃል። ስለዚህ ሁለት ምርጫ ሰጠን፤ ለሁለተኛ መኪና ተጨማሪ መክፈል፣ አለዚያ ደግሞ እዚያው በስልኬ ላይ ጉዞውን ራሴ ሰርዤ ለእሱ በቀጥታ እጅ በእጅ መክፈል። «ድርጅቱ ገንዘብህን ይመልስልሃል፣ እኔ ደግሞ ትልቁን መኪና አስመጣለሁ» አለኝ። ልጆቹ እያለቀሱ፣ እናቴ ቆማ እያየችኝ፣ ጣቴ ያን ቁልፍ ሊነካ ደርሶ ነበር። እህቴ ናት እጄን የያዘችው። «ተው፣ አንተ ከሰረዝከው ጥፋቱ ያንተ ይሆናል» አለችኝ።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነውና። አብዛኞቹ የማስያዣ ገጾች «ነጻ ስረዛ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ከጉዞው 24 ሰዓት በፊት ለሚደረግ ነው። ከዚያ በኋላ በራሳችሁ እጅ የሰረዛችሁ እንደሆነ፣ መኪናው ባይመጣም፣ የተሳሳተ መኪና ቢመጣም፣ በመዝገባቸው ላይ የሚታየው «ደንበኛው ዘግይቶ ሰረዘ» የሚል ብቻ ነው። ሾፌሩ በቃል የነገራችሁ ማስረጃ የለውም። ከዚያ በእጅ ከፍላችሁ ብትሳፈሩ ደግሞ ውል የሌለው፣ ደረሰኝ የሌለው ጉዞ ላይ ናችሁ። መንገድ ላይ ዋጋ ቢጨምር ወይም ከከተማው ዳር አውርዷችሁ ቢሄድ የምትከሱት የለም። አደጋ ከመጣ ደግሞ የባሰ ነው። በብዙ አገር ለቤት አገልግሎት የተገባ የመኪና መድን በክፍያ የተጫነን መንገደኛ አይሸፍንም፤ ለንግድ ማመላለሻ የተለየ መድን ያስፈልጋል። እና ምንም ዓይነት ምክንያት ቢሰጣችሁ፣ ምንም ያህል ብትቸኩሉ፣ ያን የስረዛ ቁልፍ በሾፌር ጥያቄ አትንኩ። መሰረዝ ካለባቸው እነሱ ይሰርዙት።

እምቢ ስንለው ሾፌሩ የሆቴሉን በር በስልኩ ፎቶ አነሳና ሄደ። ፎቶውን ለምን እንዳነሳ የገባኝ ያ ኢሜይል ሲመጣ ነው። እኛ ያልታየንበትን ፎቶ «ደረስኩ፣ ማንም የለም» ለማለት ተጠቅሞበታል። «ተሳፋሪው አልተገኘም» የሚለው ምድብ ለእነሱ ምቹ ነው፤ ሾፌሩ ሳይነዳ ይከፈለዋል ወይም ቢያንስ አይቀጣም፣ ሻጩ ድረ ገጽም የተቀበለውን አይመልስም። በደል የደረሰበት ወገን ራሱን እንዲከላከል የሚገደደው እንዲህ ነው።

በኋላ ነገሩን ሳጣራ ዋጋው ለምን ያን ያህል እንደቀነሰ ገባኝ። ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄድ ኮንትራት መኪና አድርሷችሁ ባዶውን ይመለሳል። የነዳጁም፣ የሾፌሩም ጊዜ ሁለት እጥፍ ነው። ሐቀኛ ዋጋ የመመለሻውን ወጪ ከመጀመሪያው ይዟል፤ ለዚህ ነው የአንድ መንገድ ጉዞ ሰው ከሚገምተው በላይ የሚወደደው። ዝቅ ባለ ዋጋ የሚሸጠው ድረ ገጽ ግን አገናኝ ነው እንጂ የራሱ መኪና የለውም። አስቀድሞ ከእናንተ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ከዚያ ሥራውን ለአካባቢው ባለመኪናዎች አቅርቦ በዝቅተኛ ዋጋ የሚወስድለትን ይፈልጋል። ተስፋው በዚያ ቀን በዚያ አቅጣጫ ባዶውን የሚመለስ መኪና እንዲገኝ ነው። ከተገኘ ሁሉም ይደሰታል። ካልተገኘ ሥራው ከእጅ እጅ ይሸጣል፣ በየእጁ ትንሽ ትንሽ ይቆረጥለታል፣ መጨረሻ ላይ የሚወስደው ሾፌር የሚደርሰው ለነዳጅም አይበቃውም። «የመመለሻ ነዳጅ» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው። የሾፌሩ መረጃ እስከ ዋዜማው ሌሊት የሚዘገየውም ለዚሁ ነው፤ ገና አልተገኘማ! እኔ ሾፌሩንም ከተጠያቂነት አላወጣውም፣ ዋሽቷል። ግን በእሱና በእኛ መሀል ሆኖ ገንዘቡን አስቀድሞ የወሰደ ሌላ አካል አለ።

ያ አካል ስንደውልለት የሰጠን መልስ አጭር ነው፦ «እኛ አገናኝ ብቻ ነን፤ ትራንስፖርቱን የሚሰጠው ሌላ ድርጅት ነው።» ውሉን መልሼ ሳነብ እውነትም በትንንሽ ፊደል እንዲያ ይላል። የዚያ «ሌላ ድርጅት» ስም ግን የትም የለም። ይህ ክርክር በየቦታው የሚነሳ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 መኪና በስልክ መተግበሪያ በሚያስጠራው በኡበር ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ መተግበሪያው በጉዞው ሁኔታ ላይ ወሳኝ ቁጥጥር ካለው አገልግሎቱ የማገናኘት ብቻ ሳይሆን የትራንስፖርት ነው ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ፈቃድ ያላቸውን ታክሲዎች ብቻ የሚያገናኝን መተግበሪያ በሌላ መልኩ አይቶታል። ማለትም መልሱ ዋጋውን ማን ተመነ፣ ገንዘቡን ማን ተቀበለ፣ ሾፌሩን ማን መረጠ በሚለው ላይ ተንጠልጥሏል። መንገድ ዳር የቆመ መንገደኛ ይህን ሊከራከር አይችልም፤ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት መጠየቅ ነው ያለባችሁ።

እኛን ያዳነን ካርዱ ነው። የከፈልኩት በባንክ ዝውውር ወይም ከስልክ ወደ ስልክ በሚላክ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያከትም ነበር። በካርድ ከተከፈለ ግን ያልተሰጠ ወይም ከተዋዋላችሁት የተለየ አገልግሎት ሲሆን ካርዱን በሰጣችሁ ባንክ በኩል ክርክር ማንሳት ይቻላል፤ ቻርጅባክ የሚሉት ነው። በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ጊዜው በአብዛኛው 120 ቀን ነው፤ ባንካችሁ ግን ከዚያ ያጠረ ቀን ሊሰጣችሁ ስለሚችል ከጉዞ ስትመለሱ ነገ ዛሬ አትበሉ። መጀመሪያ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ባንኩ ያን ማየት ይፈልጋል። እኔ ያቀረብኩት የመጀመሪያውን ማረጋገጫ፣ የሌሊቱን መልእክት፣ እህቴ ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋ ያነሳችውን የመኪናውንና የታርጋውን ፎቶ፣ እንዲሁም የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ በኢሜይል የጻፈልንን አጭር ምስክርነት ነው። የሠራው ያ ምስክርነት ይመስለኛል። ልጅቷ «እነዚህ እንግዶች ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት በሩ ላይ ነበሩ» ብላ ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፈችው። እስካሁን አመሰግናታለሁ። ሁለት ወር ገደማ ፈጅቶ ገንዘቡ ተመለሰ። በዚያ ጠዋት በጥድፊያ ለያዝነው ሌላ መኪና የከፈልነው ልዩነት ግን እንደወጣ ቀረ።

ስለ አስተያየቶቹ ደግሞ እንዲህ ነው። ገጹ ብዙ ኮከብ ነበረው፤ እኔም አይቼ ነው ያመንኩት። ኋላ አንድ በአንድ ሳነብባቸው ግን አብዛኞቹ ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል ስለሚደረግ አጭር ጉዞ ናቸው። አጭሩ ጉዞ ብዙ መኪና ያለበት፣ ሾፌር በቀላሉ የሚተካበት ሥራ ነው። የአራት የአምስት ሰዓት መንገድ ሌላ ነገር ነው። የምታነቡት አስተያየት እናንተ ስለምትሄዱበት ዓይነት ጉዞ መሆኑን እዩ፤ ከዝቅተኛዎቹም ጀምሩ። «ትንሽ መኪና መጣ»፣ «አልተገኛችሁም ተባልን» የሚሉ ቃላት ከተደጋገሙ ተዉት።

የሕፃን መቀመጫውን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ተገቢው መቀመጫ የጨቅላ ሕፃናትን የሞት አደጋ በ71 በመቶ ይቀንሳል። «ለአንድ ቀን ታቀፉት» የሚል ሾፌር ቢያጋጥማችሁ ጉዞውን ማስቀረት ይሻላል። እንዲሁም ሌሊት የሚነሳ ረጅም ጉዞ የምትይዙ ከሆነ ሾፌሩ ከእናንተ በፊት ስንት ሰዓት ሲነዳ እንደዋለ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የታወቀ ጥናት 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ብቃቱ በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል አሳይቷል። ሥራው ከእጅ እጅ ሲሸጥ ደግሞ ያ ሾፌር ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም።

እኔ አሁን ከመክፈሌ በፊት የምጠይቀው የሚነዳን ድርጅት ማን ነው የሚለውን ነው፤ ሻጩን ሳይሆን። ስሙንና የንግድ ፈቃዱን ቁጥር በጽሑፍ ካልሰጡኝ አልፋቸዋለሁ። ቀጥሎ የመኪናው ዓይነት ሳይሆን የመቀመጫና የሻንጣ ቁጥሩ በማረጋገጫው ላይ እንዲሰፍር አደርጋለሁ፤ ፎቶው ሥር «ወይም ተመሳሳይ» የሚል ቃል ካለ ፎቶው ዋጋ የለውምና። የመንገድ ቀረጥ፣ የሌሊት ጭማሪ፣ የመጠበቂያ ደቂቃ፣ የመመለሻ ወጪ በስም ተጠርተው «ተካቷል» እንዲባሉ እፈልጋለሁ። ሙሉውን አስቀድሞ የሚጠይቀኝንም እተዋለሁ፤ ቀብድ ከፍሎ ቀሪውን ስደርስ በካርድ የሚቀበል ሞልቷል። ብዙ ጊዜ ሆቴሉ ራሱ የሚያውቀው ባለመኪና ትንሽ ቢወደድም እዚያው ከተማ የሚገኝ፣ ነገ የሚፈለግበት ሰው ነው።

ጉዟችሁ በዚህ ሳምንት ከሆነና አስቀድማችሁ ከከፈላችሁ፣ ማረጋገጫውን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ገጹ በኋላ ሊቀየር ይችላል። ለጉዞው 24 ሰዓት ከመቅረቱ በፊት የሾፌሩን ስምና ታርጋ ጠይቁ፤ ካልላኩላችሁ ነጻው ስረዛ ገና እያለ ሰርዙና ሌላ ያዙ። ጠዋት ስትወርዱ ደግሞ ከሻንጣችሁ ጋር በቀጠሮው በር ላይ ሆናችሁ ፎቶ ተነሱ፣ ወዲያው ለሻጩ «ደርሰናል፣ እየጠበቅን ነው» ብላችሁ ላኩት፤ መልእክቱ የገባበት ሰዓት እዚያው ተጽፎ ይቀራል።