ድሬ ላይ የባህር አሳ ለማራባት፦ ሳምፕ ወይስ ነጠላ ገንዳ?

ቤቴ ውስጥ የባህር አሳ ላራባ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሊትር ገንዳ ልግዛ?» ብሎ ነው። ድሬ ላይ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሰፈራችሁ መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለው ነው። ምን እንደምትገዙ በአብዛኛው የሚወስነው እሱ ነው።

ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ገንዳዎቹ ሁሉ በቧንቧ ተያይዘው፣ ውሃቸው ከታች ወዳለ ማጣሪያ ወርዶ በፓምፕ የሚመለስበት ነው። ሳምፕ የሚሉት እሱን ነው። ሌላው እያንዳንዱ ገንዳ ለብቻው ቆሞ፣ በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ፊልተር (ውሃው በስፖንጅ ውስጥ አልፎ የሚጣራበት) ብቻ የሚገባበት ነው። ቪዲዮ ላይ አይታችሁ የምትመኙት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ነው።

ሳምፕ ጥሩ ነገር አለው። ውሃው ብዙ ስለሆነ ሙቀቱም ጨዉም ቶሎ አይለዋወጥም። የምትለኩት አንድ ቦታ፣ ውሃ የምትቀይሩትም አንድ ቦታ ነው። ጣጣው የሚመጣው መብራት ሲጠፋ ነው። ፓምፑ ሲቆም ከላይ ያለው ውሃ የተወሰነው ወደ ታች ይወርዳል፤ ሳምፑ ውስጥ ባዶ ቦታ ካልተዋችሁለት ጨዋማ ውሃ ሳሎን ላይ ትጠርጋላችሁ። በዚያ ላይ አንድ ገንዳ ውስጥ የገባ በሽታ በዚያው ውሃ ሁሉንም ያዳርሳል።

እስቲ መብራት ሲጠፋ ፓምፑን የሚያሠራውን ባትሪ እናስላ። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር የሚባለው ባትሪ በወረቀት ላይ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ባትሪው እንዳይሞት ግማሹን ብቻ እንጠቀም፣ 600። 40 ዋት የሚበላ የሳምፕ ፓምፕ በዚያ 15 ሰዓት ይሠራል። 5 ዋት የሚበላ የአየር ፓምፕ ደግሞ 120 ሰዓት፣ ማለትም 5 ቀን። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር ራሱም ስለሚበላ በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ ስለዚህ በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካገኛችሁ ኢንቨርተሩን እርሱት። አንዱ ፓምፕ በቀጭን ቱቦ ተከፋፍሎ ብዙ ገንዳ ይይዛል። ሞቃት ውሃ፣ በተለይ ጨዋማው፣ ኦክስጅን የሚይዘው ትንሽ ነው፤ እዚህ አገር አየር ሲቋረጥ አሳው ብዙ አይታገስም። ለእኔ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ፦ ድሬ ላይ ለጀማሪ ነጠላ ገንዳ። ሳምፕ የማያቋርጥ ጄኔሬተር ወይም ጠንካራ ሶላር ላለው ይሁን።

ሐረር ያላችሁ ስሌታችሁ ትንሽ ይለያል። ከተማዋ 1,885 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ደግሞ 26 ዲግሪ አካባቢ መቆየት ስላለበት ማሞቂያ የግድ ነው። 100 ዋት ማሞቂያ ሳያቋርጥ ከሠራ ያንን ባትሪ በ6 ሰዓት ይጨርሰዋል። ለሐረር ቤት እንግዲህ ከሁሉ በፊት ገንዳውን በፎም ሸፍኑት፣ ሙቀት ይዞ ያድራል። ድሬ ግን ተቃራኒ ነው፣ አቦ እዚህ ማን ማሞቂያ ይገዛል? በግንቦትና በሰኔ የሚያስፈልገው ማቀዝቀዣ ነው። ቺለር የሚባለው ማሽን ውድ ነው፣ መብራትም ይበላል። ትንሽ ማራገቢያ ውሃው ፊት ላይ ብታነጣጥሩ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀንስላችኋል። እዚሁ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ ማራገቢያ አይጠፋም። ውሃው እየተነነ ሲጎድል የምትሞሉት ግን ጨው የሌለው ንጹህ ውሃ ነው፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨዉ እዚያው ይቀራል።

የድሬን ውሃ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ተጋግሮ ከሚቀረው ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ። እንዳለ ለባህር አሳ አይሆንም። አርኦ የሚሉት ማጣሪያ ያስፈልጋል። ስትገዙ ግፊት የሚጨምር ፓምፕ ያለውን ምረጡ፣ ከሮቶ በሚወርድ ውሃ ብቻ በደንብ አይሠራም። አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ለማውጣት ሦስት አራት ሊትር ይጥላል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ያናድዳል፣ ግን የተጣለው ለሽንት ቤትና ለወለል ይሆናል። ለአንድ ሁለት ትንሽ ገንዳ ከሆነ የተጣራ ውሃ በጀሪካን መግዛትም ያዋጣል።

ጨውስ? ጅቡቲ ቅርብ ናት፣ የባህሩን ውሃ ለምን አላስመጣም የሚል አለ። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ በላይ ነው። ያንኑ 100 ሊትር ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው የአኳሪየም ጨው 4 ኪሎ አይሞላም። ጨዉን ግዙ። የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው፤ ካልሲየሙም ማግኒዚየሙም በሚፈለገው ልክ የለውም። የአኳሪየሙን ጨው በሊትር ወደ 35 ግራም ጨምሩ፣ የጨው መለኪያው ላይ 1.025 አካባቢ ይሁን። መለኪያ ላይ አትሰስቱ፣ ከተንሳፋፊው ርካሽ መለኪያ ይልቅ ጨዉን በብርሃን የሚለካው ሪፍራክቶሜትር ይሻላል።

አሁን አሳው። በገንዳ ተራብተው ከሚሸጡት ለቤት ይበልጥ የሚመቹት ሁለት ናቸው፦ ክላውን ፊሽና ባንጋይ ካርዲናል።

ክላውን ሁለት ትንንሽ ከገዛችሁ ወንድ ሴት እያላችሁ አትጨነቁ፤ ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚጀምሩት፣ ጉልበተኛው ወደ ሴት ይቀየራል። እንቁላል እስኪጥሉ ግን አንድ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። መጠበቅ ካልፈለጋችሁ እንቁላል መጣል የጀመሩ ጥንድ ውድ ቢሆኑም ይገኛሉ። 80 እስከ 100 ሊትር ገንዳና አንድ የሸክላ ማሰሮ ይበቃቸዋል፣ እንቁላሉን እዚያ ላይ ይለጥፋሉ። ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ፣ ማታ የገንዳው መብራት ጠፍቶ ከጨለመ በኋላ ይፈለፈላል። መቶዎች ናቸው። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጫጩቶቹ በጣም ትንንሽ ስለሆኑ የሚበሉት ሮቲፈር የሚባል በዓይን በጭንቅ የሚታይ ሕያው ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ አልጌ ይበላል፣ ስለዚህ አሳውን ለማሳደግ ሌላ ሁለት ነገር ታረባላችሁ ማለት ነው፣ በየቀኑ፣ ዓመት በዓል ቢሆንም። ሮቲፈሩን በእርሾ ብቻ የሚመግቡ አሉ። ይራባል፣ ግን ጫጩቶቹ የሚያስፈልጋቸው ቅባት ስለሌለው ያልቁባችኋል።

ባንጋይ ከዚህ ጣጣ ያድናችኋል። ወንዱ እንቁላሉን አፉ ውስጥ ይዞ፣ ምግብ ትቶ፣ አንድ ወር ገደማ ይቆያል። የሚለቃቸው ጫጩቶች ትልልቅ ናቸው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አርቴሚያ የምትባለውን ትንሽዬ የጨው ውሃ ፍጥረት ይበላሉ። የአርቴሚያ እንቁላል በቆርቆሮ ይሸጣል፣ በጨው ውሃ ውስጥ አየር እየተነፋበት በ24 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል፣ ለዚህ ተራ ጨውም ይሆናል። ቁጥራቸው ግን ትንሽ ነው፣ ቢበዛ በአሥሮች። ወንድና ሴቱን መለየት ይከብዳል፣ በቡድን ስታስገቧቸውም ጥንድ እስኪወጣ ይገዳደላሉ። ደግሞ በገንዳ የተራባ መሆኑን አረጋግጡ፤ ይሄ አሳ በተፈጥሮ የሚኖረው ኢንዶኔዥያ ውስጥ በጠባብ አካባቢ ሲሆን ከ2007 ጀምሮ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ተመዝግቧል።

ሥራ ውሎ የሚገባ ሰው ባንጋይ ይግዛ። ቤት የሚውል፣ ወይም ቤት የሚውል ሰው ያለው፣ ክላውን ይሞክር፣ ምክንያቱም የሚሸጥ ቁጥር የሚሰጠው እሱ ነው። መሸጡ ራሱ ሌላ ሥራ ነው። እዚህ የባህር ገንዳ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ 200 ጫጩት ከማሳደጋችሁ በፊት አዲስ አበባ ሆቴሎችንና የአሳ ሱቆችን ደውላችሁ ጠይቁ።

ክላውን የመረጣችሁ ሮቲፈሩን ከአሳው በፊት ግዙ። ጥንዶቹ እስኪያድጉ ጊዜ አለ። ሮቲፈር ደህና ሲራባ ቆይቶ በአንድ ሌሊት ያልቃል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ በሁለት ባልዲ ለያይታችሁ ያዙት፣ ሁለቱንም በአንድ ማንኪያ አትንኩ።